ከኋላ የነበሩት ሁለቱ

አድምጡኝማ፣ የሆነ ታሪክ ላውጋችሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1959 ነው፤ አገሩ ካሊፎርኒያ፣ ከተማው ኤል ሴሪቶ። ጆን ፎገርቲ፣ ስቱ ኩክና ዳግ ክሊፎርድ የሚባሉ ሦስት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ባንድ መሠረቱ። የጆን ታላቅ ወንድም ቶምም ተቀላቀላቸው። ስም እየቀያየሩ ዓመታት ለፉ። በ1968 «ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል» ተብለው ብቅ ሲሉ ግን ዓለም ጆሮውን ሰጣቸው።

አሰጣጡስ! በ1969 ብቻ ሦስት አልበም አወጡ፤ በዚያው ዓመት በዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጡ። ጆን ይደርሳል፣ ያቀናብራል፣ ይዘፍናል፤ ስቱ በባስ ጊታር፣ ዳግ በድራም ከኋላው ምቱን ይጠብቃሉ። ጠቡም የተጸነሰው ከዚሁ ነው። ጆን መሪነቱን አላካፍልም አለ፤ ሌሎቹ በውሳኔውም በድርሰቱም ቃል እንዲኖራቸው ፈለጉ። ቶም በ1971 ጥሎ ወጣ፤ በ1972 ባንዱ ፈረሰ።

ከዚያስ? ከዚያማ ቂም ነገሠ። ጆን ከአሳታሚው ኩባንያ ጋር በመብት ተካስሶ፣ የገዛ ዘፈኖቹን ለዓመታት መድረክ ላይ አልጫወትም ብሎ ተዋቸው። ቶም በ1990 ዐረፈ። በ1993 ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባ ደግሞ ጆን ከስቱና ከዳግ ጋር አልጫወትም አለ፤ ከሙዚቀኞቹ ከብሩስ ስፕሪንግስቲንና ከሮቢ ሮበርትሰን ጋር ሆኖ ዘፈነ። ሁለቱ የልጅነት ጓደኞቹ ራሳቸው የሠሩትን ሙዚቃ ሌሎች ሲጫወቱት አዩ።

እንግዲህ በ1995 ስቱና ዳግ ተነሡ። ድምፃዊውን ጆን ትሪስታኦን፣ ከ«ዘ ካርስ» ባንድ ጊታሪስቱን ኤሊየት ኢስተንን ይዘው «ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቪዚትድ» የሚል ባንድ አቋቋሙ። ያሰቡት በግል ግብዣ ላይ ለመጫወት ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ፈለጋቸው። ጆን ፎገርቲ በባንዱ ስም ጉዳይ ከሰሳቸው። ፍርድ ቤት አገዳቸውና በዳግ ቅጽል ስም ከተሰየመው ከ1970 አልበማቸው ተውሰው ለጊዜው «ኮስሞስ ፋክተሪ» ተባሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእነሱ ሲፈርድ ስማቸውን መለሱ፤ በ1998 የመድረክ ሥራቸውን በአልበም አወጡ፤ ሃያ አምስት ዓመት ያህልም አገር ላገር ዞሩ።

«ያለ ጆን ድምፅ ምኑን ክሪደንስ ሆነው!» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ ያ የሚሻክር፣ የሚጮኽ ድምፅ ምትክ የለውም። ድርሰቱም የጆን ነው፤ ይህን የሚነጥቀው የለም። ነገር ግን እግራችሁን ከመሬት የሚያስነሳው ማነው? ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ፣ ጌጥ ሳያበዛ የሚመታው የዳግ ድራም አይደለም? ከሥር ይዞት የሚሄደው የስቱ ባስ አይደለም? እነዚህ ሰዎች ከጉርምስናቸው ጀምሮ አብረው የገነቡትን ድምፅ፣ ሌላ ሰው ስለተቀየመ ብቻ እስኪሞቱ ዝም ሊያሰኙት ይገባ ነበር? እኔ አይገባም እላለሁ።

የዘፈን ደራሲ ስሙ በወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ገንዘቡም ክብሩም ወደ እሱ ይሄዳል። ምት ጠባቂው ግን ያለው እጁ ብቻ ነው፤ እጁም የሚታወቀው መድረክ ላይ ሲወጣ ነው። ስለዚህ የትኛውም የቀድሞ ባንድ አባላት ተሰባስበው የድሮ ዘፈናቸውን ሲጫወቱ ብትሰሙ፣ ዋናው ድምፃዊ የለም ብላችሁ ፊታችሁን አታዙሩባቸው። ከኋላ ያሉትንም ስማቸውን ጠይቃችሁ እወቁ፤ አጨብጭቡላቸውም።