«ሃይላንድ» ስንት ትርጉም አላት?

ዛሬ ስለ አንዲት የፈረንጅ ቃል እናውጋ። መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም፤ እናቶቻችንም፣ ባለሱቁም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ያውቋታል። ሃይላንድ!

ሃይላንድ ለእኛ ውሃ ነው… ኧረ ጠርሙሱ ነው! ከመቀሌ ወጥታችሁ በውቅሮ ወይም በማይጨው መንገድ ስትጓዙ፣ መኪናውን እየተከተሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚሉት ልጆች የሚለምኑት ባዶውን ነው። ውሃ ይቀዱበታል፣ ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ፣ ቤት ውስጥ ዘይት ወይም ጸበል ይገባበታል።

የታሸገ ውሃ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አምቦ ውሃ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታሸጋል፤ ያ ግን ብርጭቆ ስለነበር ጠርሙሱ ይመለሳል። የማይመለስ ላስቲክ ሲመጣ በሰፊው ከታወቁት ቀዳሚ ምርቶች አንዱ ሃይላንድ የሚባለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በእሱ ስም ተጠራ። የልብስ ሳሙና ዱቄት ሁሉ «ኦሞ» እንደሆነው ማለት ነው። ዛሬ ጠርሙሱ ላይ «የስ» ወይም «አኳ አዲስ» ቢጻፍበትም ስሙ ያው ሃይላንድ ነው።

እንግሊዞቹ ጋ ስንሄድ ደግሞ ቃሏ ሁለት ናት፤ «ሃይ» ከፍ ያለ፣ «ላንድ» ምድር። በጥንቱ እንግሊዝኛም የነበረች ናት። በስኮትላንድ የተራራው ሕዝብ መጠሪያ ሆነች። ሕዝቡ አምፆ በ1746 እ.ኤ.አ. ሲሸነፍ፣ የለንደን መንግሥት ወንዶች የሃይላንድን ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለ፤ ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ስንመጣ ደግሞ እንግሊዞች ለም የሆነውን ደጋ «የነጮች ሃይላንድ» ብለው ለአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ከለሉት። ከ1952 ጀምሮ ለተቀጣጠለው የማው ማው ትግል ዋናው ምክንያት ያ የመሬት ነጠቃ ነበር። እዚያ ቃሏ ለባለአገሩ «አትግባ» ማለት ነበረች።

እኛስ? እኛ ለሃይላንድ የራሳችን ቃል አለን፤ ደጋ። ያውም ፈረንጆቹ በአንድ ቃል የጠቀለሉትን እኛ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ እያልን እንለየዋለን። «ወይና ደጋ»ም ራሷ ጥምር ቃል ናት፤ ወይን የሚበቅልበት ደጋ እንደማለት። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው መቀሌ በእንግሊዝኛ ካርታ ሃይላንድ ስትሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ወይና ደጋ ናት። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ደግሞ ደጉዓ ተምቤን እና ቆላ ተምቤን አሉ። ደጉዓ በትግርኛ ደጋ ነው። ስለዚህ ሀገረ ሰላም ሄዶ የመጣ ሰው «ሃይላንድ ደርሼ መጣሁ» ቢል አልዋሸም!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በመጽሐፍ ሃይላንድ ማለት የውሃ መነሻ ነው። አስዋን ከሚደርሰው የአባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚነሳው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ የእኛ ተከዜም ከእነሱ አንዱ ነው። በአፋችን ግን ሃይላንድ ባዶ ላስቲክ ናት። ውሃው ከደጋው ወርዶ ይሄዳል፣ የደጋው ልጅ ደግሞ መያዣ ይለምናል። በመቀሌም ቧንቧ ስንጠብቅ፣ ጀሪካን ስንደረድር፣ ሲብስም ውሃ በሃይላንድ ስንገዛ ኖረናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትና ከበባ ጊዜ ደግሞ ያው ጠርሙስ የቤንዚን መሸጫ ሆነ።

የአንድ ቃል ትርጉም ኑሮን ተከትሎ ይሄዳል። ስኮትላንዶች ላይ ልብስ ሆነ፣ ኬንያውያን ላይ አጥር፣ እኛ ላይ ባዶ ጠርሙስ። ደጋ ላይ ቁጭ ብለን ደጋን በሱቅ ከገዛን፣ ጥፋቱ የቃሏ አይደለም፤ ጥያቄው ቧንቧው ላይ ነው። ሕፃኑ ባዶ ጠርሙስ ለማግኘት መኪና ማባረሩን የሚተወው የምንጩ ውሃ ደጁ ሲደርስ ነው። ያኔ ሃይላንድ ወደ ድሮ ትርጉሟ፣ ወደ ተራራው ትመለሳለች።

በእናንተ ሰፈርስ ሃይላንድ ምን ይያዝበታል? እስቲ ንገሩን!