ከወፍላ ሽንፈት እስከ ወይና ደጋ ድል፦ የሰሜንና የወገራ ድርሻ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚዘልቀው መንገድ የወገራን ደጋ አቋርጦ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ያደርሳል። ዛሬ ብዙው መንገደኛ በዚህ የሚያልፈው ዋልያን፣ ጭላዳንና ራስ ዳሽንን ለማየት ነው። ከ480 ዓመታት በፊት ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ሊጠፋ ተቃርቦ ዳግም የቆመው በዚሁ አገር ተጠልሎ ነበር።

ዘመኑ ዓለም የሚናጥበት ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኦቶማን ቱርኮች በ1453 ቁስጥንጥንያን፣ በ1517 ግብፅን ይዘው በ1529 መስከረምና ጥቅምት ቪዬናን ከበቡ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በደጋው ሕዝብ አጠራር አሕመድ ግራኝ፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ የአጼ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረጉ። ሁለቱ ዘመቻዎች በአንድ ትእዛዝ የተመሩ አልነበሩም። የኢማሙ ጦርነት መነሻው በደጋው መንግሥትና በምሥራቁ የሙስሊም ሱልጣኔቶች መካከል ለሁለት መቶ ዓመታት የዘለቀ ግጭት ነው። በኋላ ግን ቱርኮችና ፖርቱጋሎች በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የያዙት ሽኩቻ እስከዚህ ተራራ ድረስ ዘለቀ።

አጼ ልብነ ድንግል ከአምባ አምባ ሲሰደዱ ኖረው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። ልጃቸው አጼ ገላውዴዎስ የወረሱት ዙፋን ስም ብቻ የቀረው ነበር። በሐምሌ 1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች ንጉሡን ለመርዳት ከምጽዋ ተነሥተው ገቡ። የልብነ ድንግል ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ ወርደው ከእነርሱ ጋር ዘመቱ።

የሰሜን ነገር የሚመጣው በ1542 ክረምት ነው። በዘመቻው የነበረው ሚጌል ደ ካስታኞሶ እንደጻፈው፣ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወደ ዳ ጋማ መጥቶ በሰሜን የኢማሙ ጦር የሚጠብቀው፣ ፈረስ የሞላበት አምባ እንዳለ ነገረው። ዳ ጋማ 100 ያህል ሰው አስከትሎ፣ የሞላውን ተከዜ ተሻግሮ አምባውን ያዘ። 80 ፈረስም ማረከ። ፈረሶቹ ግን ከኋላ ሲነዱ ዘገዩ። እነርሱ ሳይደርሱ፣ በክረምቱ ማብቂያ፣ ከየመኑ የቱርክ ገዥ ብዙ ነፍጠኛና መድፍ የመጣላቸው ኢማም አሕመድ ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎቹን ሰበሯቸው። ዳ ጋማም ተማርኮ አንገቱ ተቀላ።

ከዚያ በኋላ እቴጌይቱና የተረፉት ወታደሮች የተጠጉት ወደዚያው የሰሜን አምባ ነበር። አጼ ገላውዴዎስ በጥቂት ሰው መጥተው ተቀላቀሏቸው። ፖርቱጋሎቹ እዚያው ባሩድ ሠሩ፣ ከደብረ ዳሞ መሣሪያ አስመጡ፤ የአገሬው ሰውም በንጉሡ ዙሪያ ተሰበሰበ። ኢማሙ በበኩላቸው ጦርነቱ ያለቀ መስሏቸው አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናብተው 200 ያህሉን ብቻ አስቀሩ።

ገላውዴዎስ ከሰሜን ወርደው መጀመሪያ የመቱት በወገራ የሰፈረውን የኢማሙን ጦር ነው። ድሉ ለሠራዊቱ ልብ ሰጠው። በየካቲት 1543 ከጣና ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ፣ ኢማም አሕመድ በጥይት ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ።

ይህን ታሪክ ክርስቲያንና ሙስሊም የተጋጠሙበት ብቻ አድርጎ መተረክ እውነቱን ያጎድለዋል። የሰሜን ቤተ እስራኤል ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ከአጼ ይስሐቅ ጋር ተዋግተዋል። በግራኝ ጦርነት ጊዜም በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ታይተዋል። ኢማሙን የተቀላቀሉ የደጋ ባላባቶችም ጥቂት አልነበሩም። ሰው ከማን ጎን እንደሚቆም የመረጠው በሃይማኖቱ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ፣ በበቀሉና በሕይወቱ ጉዳይም ጭምር ነው።

ስለዚህ በደባርቅና በዳባት ያላችሁ መምህራንና አስጎብኚዎች፣ ዋልያን ስታሳዩ ይህንንም ንገሩ። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈውን ዐረብ ፈቂህንና የፖርቱጋሎቹን ዘማች ካስታኞሶን ጎን ለጎን አንብቡ፤ አንዱ ያልጻፈውን ሌላው ይተርከዋል። የጋራ አገር ያለው ሕዝብ ያለፈውን ጦርነት መማር ያለበት ከአንድ ወገን አፍ ብቻ አይደለም።