የብረት ቀጥቃጩ ሚስት

ሴት ልጅ የፈረስ ጫማ ሠሪ ለመሆን ሠለጠነች ሲባል ወሬው ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነገር ነው የሚነገረው። መዶሻ አስይዘው ፎቶግራፍ ያነሷታል፤ ጎበዝ ትባላለች፤ ዘመኑ ተለወጠ ይባላል። ሁሉም ደግ። ግን አዲሱ ነገር ምኑ ነው?

በቅድሚያ ስለ ሙያው ጥቂት ልበል፤ በኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደማ። የደጋው ፈረሳችንና በቅሏችን ባብዛኛው በባዶ ኮቴ ኖረዋል። ቀጥቃጫችን ልጓምና ማረሻ፣ ማጭድና ጦር ሲሠራ ኖረ እንጂ ለእንስሳ ጫማ ሲመታ አልዋለም። ለሙያው በአማርኛ ቁርጥ ያለ ስም ያጣነውም ለዚህ ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር ግን እርጥቡ መሬትና የድንጋዩ መንገድ ኮቴ ስለሚበላ ፈረስ ያለ ብረት ጫማ ብዙ አያገለግልም ነበር። ኮቴ ደግሞ እንደ ጥፍር ያድጋል። ስለዚህ በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ አሮጌው ጫማ ይነቀላል፤ ኮቴው ይከረከምና በሞረድ ይስተካከላል፤ የጋለው ብረት ለአፍታ ኮቴው ላይ አርፎ ልኩ ይታያል (ያ የተቃጠለ ቀንድ ሽታ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው)፤ ከዚያ ምስማሩ ይመታል። ምስማሩ ስሜት በሌለው የኮቴ ግድግዳ ውስጥ አልፎ በጎን ብቅ ማለት አለበት። ትንሽ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ሥጋ ይነካል፤ ፈረሱም ያነክሳል። "ጉልበት ይጠይቃል" የሚለው የቆየ ምክንያት እኔን የማያሳምነኝ ለዚህ ነው። ወገብ ያደክማል፣ እውነት ነው። ግን ግማሽ ቶን የሚመዝን ፈረስ በጉልበት ልርታህ ቢሉት እሺ የሚል ፍጥረት አይደለም፤ ወንዱም ቢሆን የሚሠራው በብልሃት ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የቆየሁ ሰው ነኝና አሮጌ መጽሐፍ ማየት እወዳለሁ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ አገር የተዘጋጀ፣ የሆልካም መጽሐፍ ቅዱስ የሚባል በሥዕል የተሞላ ብራና አለ። አንዱ ሥዕል ስለ ስቅለቱ ችንካሮች ነው፤ እኛ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ እያልን በስም ስለምንጠራቸው። በእንግሊዞቹ ትረካ ቀጥቃጩ ችንካሩን ላለመሥራት እጄን አሞኛል ይላል። ይሄኔ ሚስቱ መዶሻውን ታነሳና ራሷ ትሠራዋለች። ታሪኩ ሴቲቱን ክፉ አድርጎ ለማሳየት የተፈጠረ ነው፤ አያስደንቅም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ ባሏ ሲታመም መስፉ ላይ የምትቆም ሴት ለዚያ ዘመን ተመልካች እንግዳ ብትሆን ኖሮ ሠዓሊው እንዲህ በቀላሉ ባልሣላት ነበር።

ደግሞም በሥዕል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1346፣ ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ፈረንሳይ ላይ በዘመተበት ዓመት፣ ለንደን በሚገኘው የታወር ምሽግ ውስጥ የንጉሡን የብረት ሥራ ቤት እንድታሠራ በቀን 8 ፔንስ የተከፈላት ካትሪን የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የንጉሡ ቀጥቃጭ ነበር፤ ልጇም እንዲሁ። በሒሳብ መዝገቡ የገባችው የአንድሩ እናት ተብላ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ሥራውን ሰጥተዋታል፤ የገባችበት በር ግን የባልና የልጅ በር ነው። ከዚያ በኋላም በለንደን የሙያ ማኅበራት ዘንድ ባል ሲሞት ሚስቲቱ ሱቁን ይዛ እንድትቀጥል ይፈቀድ ነበር። ሙያውን ለመውረስ ግን መጀመሪያ ሚስት፣ ቀጥሎ መበለት መሆን ያስፈልጋት ነበር ማለት ነው። የለንደን የፈረስ ጫማ ሠሪዎች ማኅበር ጅማሬውን የሚቆጥረው ከ1356 ነው፤ እንግዲህ ልማዱ ዕድሜ ጠገብ ነው።

በሩ በሕግ የተነካው በ1975 ነው። በዚያ ዓመት የብሪታኒያ ፓርላማ ሁለት ሕጎች አወጣ። አንደኛው ያልተመዘገበ ሰው ለፈረስ ጫማ እንዳይመታ ከለከለ፤ ፈረሱ የገዛ ራሱ ቢሆን እንኳ። ለፈረሶቹ መልካም ነው፤ ስንቱ ጀማሪ ስንቱን ፈረስ አንክሷል! ግን ከአባቷ ሥር ሆና በዓይኗ ተምራ የጎረቤት ፈረስ ትሠራ የነበረችው ልጅ የጓሮ በሯ ተዘጋባት። ከእንግዲህ መንገዱ አንድ ነው፦ ተለማማጅ አድርጎ የሚቀበላት ባለሙያ ማግኘት። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ማንንም በፆታው ምክንያት ከሥራና ከሥልጠና ማገድ ክልክል ነው አለ። ታዲያ ምን ጎደለ አትሉም? ሕጉ ሠራተኞቹ ከአምስት የማይበልጡትን ቀጣሪ ነፃ አድርጎታል! የፈረስ ጫማ ሠሪ ደግሞ ምን ሠራተኛ አለው? አንድ መኪና፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ወይም ሁለት ተለማማጅ። "ሴት አላሠለጥንም" ቢላት የምትከስበት አንቀጽ አልነበራትም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1983 ይህን ስህተት ነው አለ፤ ክፍተቱ የተደፈነው በ1986 በወጣ ሕግ ነው። አሥራ አንድ ዓመት! ለአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ማለት ሙያው ካመለጣት በኋላ ነው።

የኛን ነገር ሳስብ ከዚህ ብዙም አልርቅም። በኛ ዘንድ በሩን የዘጋው ስድብ ነበር። ቀጥቃጩን ቡዳ ነው ብለን ሌላው ሰው ልጁን ሙያ እንዳይሰድድለት አደረግን። ሚስቱ ሸክላ ሠራች፤ በዚያው ስም ተሰደበች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስድብ መከልከልና ሙያ ማስተማር ለየቅል ናቸው፤ ብረት ሥራው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ መሄዱን አላቆመም። ለመሆኑ ከባሏ ጎን ስትሠራ ያረጀችውን ሴት ቀጥቃጭ ብሎ የጠራት ማን ነው?

ዛሬ እንግሊዝ አገር ልጅቱ አራት ዓመት ገደማ ከአሠልጣኟ ጋር በየጋጣው ስትዞር፣ በየመሃሉ ኮሌጅ ስትገባ ትቆያለች። መጨረሻ ላይ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። ብረት ይሰጣታል፤ ሰዓት ይያዝባታል፤ ፈረሱ ይቀርባል። ካለፈች መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የራሷ ስም ነው፤ የማን ሚስት፣ የማን እናት ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለውም።