ከላምባ እሳት እስከ በረዶ ግድግዳ

በአሶሳና ወደ ኩርሙክ በሚወስዱት ቆላ ቀበሌዎች በሸክላ እንስራ ተሞልቶ ከጥላ የተቀመጠ ውኃ መቀዝቀዙ ለሁሉም የታወቀ ነው። በሸክላው ሠርጎ የሚተነው ውኃ በአንድ ኪሎ ግራም 580 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ ጥበብ ለመጠጥ ይበቃል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መጠበቅ ለሚገባው ክትባት ግን አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ የተጀመረው የፈንጣጣ ዘመቻ ይህ ችግር ብዙም አልገጠመውም፤ ደርቆ የተዘጋጀው ክትባት ሙቀትን ይችል ነበርና። በ1976 የአገሪቱ የመጨረሻ የፈንጣጣ ሕመምተኛ ታየ። በ1980 የስድስት በሽታዎች ክትባት ሲጀመር ግን በተለይ የልጅነት ልምሻ ጠብታ ሙቀትን የማይታገሥ ሆኖ ተገኘ። ማቀዝቀዣው ከሰነፈ ሕፃኑ ቢከተብም ከበሽታው አልዳነም።

መብራት ላልደረሰባቸው ጤና ጣቢያዎች መፍትሔ የሆነው የላምባ ማቀዝቀዣ ነበር። መሠረቱን የጣሉት በ1922 ስዊድናውያኑ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ ናቸው። ነበልባሉ አሞንያን ከውኃ ይለያል፤ ትነቱ በላይኛው ቱቦ ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ ዳግመኛ እየተነነ የሣጥኑን ሙቀት ይስባል። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። የውጩ አየር በጋለ መጠን ቱቦው ሙቀቱን የሚለቅበት ልዩነት ይጠብባል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ይበልጥ በሚፈለግበት ቆላ ይበልጥ ይደክማል። ክሩ ካልተጠረገ ይጨሳል፤ ነበልባሉ ከበዛ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍን የመሳሰሉት ክትባቶች በረዶ ሆነው ይበላሻሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች ላምባን አስቀሩ፤ ይሁን እንጂ ባትሪዎቻቸው ቶሎ ያረጁ ነበር። ከ2000 ወዲህ የተስፋፋው ዓይነት ባትሪውን ትቶ የፀሐይን ኃይል በበረዶ መልክ ያከማቻል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 80 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ይውጣል፤ ይህንንም የሚያደርገው የራሱን ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ ሳያነሣ ነው። በክትባቱና በበረዶው መካከል ያለው ልባስ ቅዝቃዜውን እየመጠነ ያሳልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሞቃት አገር የሚቀርቡትን በ43 ዲግሪ ሙቀት ይፈትናል፤ ፀሐይ ብትጠፋ ቢያንስ 3 ቀን እንዲቆዩም ይጠይቃል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ክትባቱን ያዳነው ብርቱ ቅዝቃዜ ሳይሆን ሙቀት በምን መንገድና በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ማወቅ ነው። መሣሪያ የሚመረጠውም በተሠራበት አገር አየር ሳይሆን በሚውልበት ቆላ ሐሩር ተመዝኖ መሆን አለበት።