ቱም ስንት ናት?

በማጂ ምድር ያለችው የቱም ከተማ ስሟ ሁለት ፊደል ብቻ ስለ ሆነ፣ ጽሑፍ ከአንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ ወደ ሌላው ሲፈልስ የሚደርስበትን እንግልት ለማሳየት ከእርሷ የተመቸ ምሳሌ አላገኘሁም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ በመቃ ብዕር ይጽፍ የነበረው ቁም ጸሐፊ የሚቈጥረው ፊደሉን እንጂ የብዕሩን ጭረት አልነበረምና፣ «ቱም ስንት ናት?» ቢሉት «ሁለት» ብሎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር።

ፊደላችን ወደ ባዕድ መሣሪያ መሻገር የጀመረው ግን ከኮምፒዩተር ቀደም ብሎ ነው፤ (ዘመኑን በኤውሮፓ አቈጣጠር እቈጥራለሁ) በ1513 ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ በሮም አሳተመ። በኮምፒዩተር ዘመን ደግሞ 256 ስፍራ ብቻ ያለው የባይት ሠንጠረዥ፣ ለላቲኑ ሲተርፍ፣ 33ቱ ፊደላት በየ7 ድምፃቸው 231 ሆነው ዲቃሎቹና አኃዙ ለሚታከሉበት ለእኛ ጠበበ። ስለዚህ አንዱ ፎንት ፊደሉን ለሁለት ከፈለው፣ ሌላው ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አኖረው፤ የአንዱም ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ሆነ።

በ1999 ለዓለም ፊደላት ቍጥር የሚመድበው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ለቱ 4721፣ ለም 4637 የተባለ ቍጥር ሰጠ። የቱም ጎረቤት የሆነው የሜኢን ቋንቋ ተጨማሪ ፊደላትና፣ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚነገሩት የሚዛን ተፈሪ የቤንችኛ ድምፆች ግን እስከ 2005፣ እስከ 4.1 እትም ድረስ ደጅ ጸንተዋል፤ ይህ መዘግየት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ቍጥሩ ቢገኝም ጽሑፉን ከአንዱ የኮምፒዩተር ቋንቋ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሰው አላረፈም። በ1972 የተፈጠረው የሲ ቋንቋ «ፊደል» ብሎ የሚጠራው አንዲቱን ባይት ነውና፣ የዩኒኮድን ቍጥር ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ 8 የተጻፈችውን ቱም ለቱ 225፣ 137፣ 177፣ ለም 225፣ 136፣ 157 እያለ 6 ያደርሳታል፤ ጃቫ ግን በዚያው ስም 16 ቢት ስለሚይዝ 2 ይላል፤ ስማቸው አንድ፣ ግብራቸው ልዩ ልዩ ነው። 8 ባይት በሚይዝ የቡና መዝገብ ዓምድ «ሚዛን» ሲጻፍ ሚና ዛ በሙሉ ገብተው፣ ን ከሦስቱ ባይቶቿ ሁለቱን ብቻ ይዛ ትቈረጣለች፤ በአንባቢው ፊትም የጥያቄ ምልክት ሆና ትወጣለች።

በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ለጽሑፉ አንድ፣ ለባይቱም ሌላ ዓይነት ስለ ለየ፣ የድሮውን ፕሮግራም ወደ እርሱ የሚያሻግር ሰው በየመስመሩ ቆሞ፣ የቀድሞው ጸሐፊ «8» ሲል ፊደል ማለቱ ነው ወይስ ስፍራ ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል፤ «ሚዛን» በአንዱ 3፣ በሌላው 9 ናትና።