የልጆች ታሪክና ታሪኩ የሚፈጸምበት አገር



ተረት ስንጀምር «ከዕለታት አንድ ቀን» እንላለን። ቀኑ የትኛው እንደ ሆነ፤ ባለታሪኩም በየትኛው መንደር ይኖር እንደ ነበር የሚጠይቀን የለም። ሕፃኑ ከአያቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ሲሰማ ጅቡንና ቀበሮውን ራሱ በሚያውቀው ዱር ውስጥ ያሰማራቸዋል። ተራኪውም ሰሚውም የአንድ አገር ሰዎች ናቸውና ነገሩ በዚህ ይበቃል። መጽሐፍ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ደራሲው በአንድ ስፍራ ተቀምጦ የጻፈውን፤ ያን ስፍራ አይቶት የማያውቅ ልጅ በሩቅ ያነበዋል። ስለዚህ ደራሲው ከሰዎቹ ጋር አገሩንና ዘመኑን አብሮ ማቅረብ ይገባዋል። የሥነ ጽሑፍ መምህሮቻችን ይህን ነገር «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት ቃላት አጋጥመው «መቼት» ብለው ሰይመውታል። ስሙ አጭርና የሚመች ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ የአንድ ከተማና የአንድ ዓመት ስም ጽፎ የሚያልፈው ነገር ሆኖ ይታያል።

ስለ ጉዳዩ በጠቅላላ ከመናገር ይልቅ አንድ የታወቀ መጽሐፍ እንዴት እንደ ተወለደ ብናይ ይሻላል። መጽሐፉ የስዊድን ነው፤ ዓመታቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ ፈረንሳይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በጀርመን ድል ከሆነች በኋላ በ1871 አልዛስንና የሎሬንን ከፊል አጣች። ከስድስት ዓመት በኋላ፤ በ1877፤ ኦጉስቲን ፉዬ የተባሉ ወይዘሮ ጂ. ብሩኖ በሚል የብዕር ስም ለትምህርት ቤት የሚሆን አንድ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። አንድሬና ዡልየን የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት አባታቸው ከሞተ በኋላ በሎሬን ካለችው ከፋልስቡር ከተማ በጭጋግ ተሸፍነው ይወጡና አጎታቸውን ፍለጋ ፈረንሳይን ይዞራሉ። በየደረሱበት የአገሩን እርሻ፤ ፋብሪካ፤ የታላላቅ ሰዎችንም ታሪክ ይማራሉ። መጽሐፉ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። የታሪኩ አገር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፈረንሳይ ሁሉ ነው ቢባልም፤ ልብን የሚይዘው ሕፃናቱ ትተውት የወጡት፤ ሊመለሱበትም የማይችሉት መሬት ነው። (በ1906 መጽሐፉ እንደ ገና ሲታረም ስለ ሃይማኖት የተጻፈው ወጣ። የልጆች መጽሐፍ የመንግሥትን ጠባይ ተከትሎ እንዴት እንደሚለወጥ ለሚያጠና ሰው ይህ ብቻውን አንድ ትምህርት ይሆነዋል።)

በስዊድን ደግሞ ከ1868 ጀምሮ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ አንድ የንባብ መጽሐፍ ነበረ። ከጊዜ በኋላ ብዙ መምህራን ደረቅ ነው፤ ለሕፃን አእምሮም አይስማማም እያሉ ነቀፉት። በ1901 የመምህራኑ ማኅበር አዲስ የንባብ መጽሐፍ ለማዘጋጀት አሰበና በአልፍሬድ ዳሊን አማካይነት ወደ ደራሲዋ ወደ ወይዘሪት ሴልማ ላገርሎፍ መጣ። የተፈለገው ሕፃናት የአገራቸውን መልክዐ ምድር የሚማሩበት መጽሐፍ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ብዙውን ጊዜ ደራሲ ሰዎቹን ፈጥሮ ስፍራ ይፈልግላቸዋል፤ እኚህ ደራሲ ግን ስፍራው ተሰጥቷቸው ሰው መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ያውም ስፍራው ከደቡብ እስከ ሰሜን ከሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም አገር ነው።

ወይዘሪት ሴልማ በ1858 በቬርምላንድ አውራጃ ሞርባካ በተባለ የቤተሰባቸው ርስት ተወለዱ። በሕፃንነታቸው በዳሌ ሕመም ምክንያት ያነክሱ ነበር። ከ1885 ጀምሮ ዐሥር ዓመት በደቡብ ስዊድን በላንድስክሩና ከተማ መምህርት ሆነው አገልግለዋል። በዚያው ዘመን አባታቸው ሞተው ርስቱ በዕዳ ተሸጠ። ይህን የምጠቅሰው ለሕይወት ታሪክ ያህል ብቻ አይደለም፤ ስለ አገር እንዲጽፉ የታዘዙት ደራሲ የተወለዱበትን ቤት ያጡ ሰው መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልኝ ነው።

ወይዘሪቷ ትእዛዙን ከተቀበሉ በኋላ ብዙ ጊዜ መንገዱ ጠፋባቸው። በ1904 ወደ ሰሜኑ ክፍል ተጉዘው አገሩን ተመለከቱ። እንግሊዛዊው ኪፕሊንግ ስለ ዱር አራዊት የጻፋቸው ታሪኮችም እንስሳትን ማናገር እንደሚቻል አሳዩአቸው። በመጨረሻ ያገኙት ዘዴ ይህ ነው፤ ኒልስ ሆልገርሶን የሚባል፤ ሰነፍና በእንስሳት ላይ ጨካኝ የሆነ ባላገር ልጅ፤ የቤት ጠባቂ ነው የሚባለውን ድንክዬ መንፈስ አጥምዶ ስለ ያዘ ተረግሞ እርሱም የአውራ ጣት ያህል ይሆናል። የቤተሰቡ ነጭ አውራ ዝይ ከዱር ዝዮች ጋር ሊበርር ሲነሣ ኒልስ ሊያስቀረው አንገቱን ይይዛል፤ ሳያስበውም ወደ ሰማይ ይወጣል። መንጋው በስዊድን ረጅሙ ተራራ በኬብኔካይሴ ስም በምትጠራው አካ በተባለች አሮጊት ዝይ እየተመራ ወደ ሰሜን ይጓዛል።

የዘዴውን ብልሃት እንመርምር። ልጁ ትንሽ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ነገር ይገዝፍበታል፤ ቁራና ቀበሮ ያስፈሩታል፤ የሣር ቅጠል ጥላ ይሆነዋል። ከፍ ብሎ ስለሚበርር ደግሞ አውራጃው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይታየዋል። መጀመሪያ ወደ ታች ሲመለከት ያየው በብዙ ቀለም የተሠራ፤ አራት ማዕዘን ቁራጮች የተጣጣሙበት ትልቅ ጨርቅ ነው። ይህ ምንድር ነው ብሎ ይደነቃል። ቀስ በቀስ አረንጓዴው ቁራጭ በመከር ተዘርቶ በረዶ ውስጥ የከረመ እህል፤ ግራጫው የታጨደ እርሻ ገለባ፤ ጥቁሩም የታረሰ መሬት መሆኑን ያውቃል። ጨርቁ ተወልዶ ያደገበት የስኮኔ ምድር ነው። «ስኮኔ ለም የእርሻ አገር ነው» ብሎ የሚጀምር የመማሪያ መጽሐፍ ይህንኑ ቃል ይናገር ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ራሱ ፈልጎ ስላገኘው ነገሩ የእርሱ ሆነ።

ሁሉም ምዕራፍ እንዲህ የተሳካ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ተረት የለበሰ የመልክዐ ምድር ትምህርት መሆኑ በግልጽ ይታያል፤ ሕፃን አንባቢም ገጹን ቶሎ ቢገለብጥ አይፈረድበትም። የሰሜኑ ሳሚ ሕዝብ ደግሞ መጽሐፉ ላፖች እያለ የሚጠራው፤ በእንግዳ ዓይን ታይቶ የተጻፈ ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የያዘኝ ግን ዝይም ተራራም ብዙ የማይታይበት አንድ ምዕራፍ ነው። ኒልስ አንድ ሌሊት ዝናብ ሲመታው ወደ አንድ ብቸኛ ቤት ይጠጋል። በበረቱ ያለችው ላም ሳትታለብ ውላለች። እመቤቲቱ አሮጊት በቤት ውስጥ ብቻቸውን ሞተዋል። ላሚቱ ታሪካቸውን ትናገራለች፤ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ባሕር ተሻግረው ወደ ባዕድ አገር ሄደዋል፤ መሬቱ ድንጋይና ረግረግ ስለ ነበረ አያኖርም ተብሎ። ከብዙ ዘመን በኋላ አሮጊቷ ያ ረግረግ ውኃው ቢጠነፈፍ እህል እንደሚያበቅል ይሰማሉ። ልጆቹ ባልሄዱም ነበር! ኒልስ ሬሳውን ሲጠብቅ ያድርና በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የልጆችና የልጅ ልጆች ፎቶግራፎች ይመለከታል፤ የራሱም እናትና አባት ትዝ ይሉታል።

ይህ የተጻፈው ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እስከ 1930 ገደማ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከስዊድን ወደ አሜሪካ በተሰደዱበት ዘመን መካከል ነው። እንግዲህ ረግረጉ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ለማስጌጥ የገባ ሥዕል አይደለም፤ የቤተሰቡን ዕድል የወሰነ ነገር ነው። መሬቱን አለማወቅ ልጆችን አሰደደ። ሕፃኑ ተማሪ ስለ ረግረግ መጠንፈፍ በሌላ መጽሐፍ ቢያነብ ኖሮ ይረሳው ነበር፤ በአሮጊቷ ቤት ካነበበው በኋላ ግን የሚረሳ አይመስለኝም። በልጆቻቸው ፎቶግራፍ ግድግዳቸውን ያለበሱ ወላጆች በእኛም አገር ዛሬ ብዙዎች ናቸውና፤ ይህን ምዕራፍ ለማስረዳት መምህር አያስፈልገንም።

ኦሳና ትንሹ ማትስ የሚባሉት እኅትና ወንድም ታሪክም የዚሁ ዓይነት ነው። እናታቸው ማንም ያላስጠጋትን አንዲት በሽተኛ መንገደኛ በቤቷ ተቀብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ታላላቆቻቸው ሲሞቱ ቤተሰቡ መርገም ነው ብሎ አመነ፤ አባትየውም ኀዘኑን መሸከም አቅቶት ጠፋ። ሕፃናቱ ስለ ሳንባ ነቀርሳ የተሰጠ ትምህርት ሲሰሙ ቤታቸውን ያፈረሰው በሽታ እንጂ መርገም አለመሆኑን ይረዳሉ። ይህን ለአባታቸው ለመንገር አገሩን በሙሉ በእግራቸው ያቋርጣሉ። ማትስ በሰሜን በብረት ማዕድን ሥፍራ ይሞታል፤ ኦሳ አባቷን ታገኛለች። ኒልስ በአየር የሚያልፈውን ምድር እነርሱ በእግር ይለኩታል።

መጽሐፉ በሁለት ክፍል በ1906 እና በ1907 ታተመ። በአንደኛው ምዕራፍ ደራሲዋ ራሳቸው ይገባሉ። ለሕፃናት ስለ ስዊድን መጽሐፍ እንድትጽፍ የታዘዘች፤ እንዴት እንደምትጀምር ግን የጨነቃት አንዲት ሴት፤ በሌላ ሰው እጅ የሚገኘውን የተወለደችበትን ሞርባካን ልታይ ትመጣለች። በዚያ አትክልት ስፍራ ጉጉት ያጠቃውን ጣት የሚያህል ልጅ አግኝታ ታድነዋለች፤ እርሱም ያሳለፈውን ይነግራታል። የስዊድን ታሪክ የተገኘው በጠፋው ቤት ደጃፍ ነው ማለት ነው። ወይዘሪት ሴልማ በኋላ ቤቱን መልሰው ገዙት። በ1909 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከሴቶች ሁሉ አስቀድመው ሲቀበሉም በገንዘቡ የእርሻውን መሬት አስመለሱ፤ በ1940 የሞቱትም እዚያው ነው።

ለአንድ አገር ትምህርት ቤት ብቻ የታሰበው መጽሐፍ ወደ ብዙ ቋንቋ ተተረጎመ። በጃፓን ሽኮኩ በተባለችው ደሴት፤ በጫካ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ያደገ አንድ ልጅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንብቦታል። ልጁ ስዊድንን አላየም፤ የስኮኔን እርሻም አያውቅም ነበር። ይህ ሰው ኬንዛቡሮ ኦዌ ነው። በ1994 የኖቤልን ሽልማት ሊቀበል ስቶክሆልም በደረሰ ጊዜ ባደረገው ንግግር፤ በልጅነቱ ልቡን ከማረኩት ሁለት መጻሕፍት አንዱ የኒልስ ታሪክ እንደ ነበረ ለስዊድናውያን ነገራቸው።