ሊንክስ-1፦ የኮምፒዩተር ግራፊክስ ማሽን

የተሠራበት ቁስ፦ ብረት፣ ሰርኪዩት ቦርድ፣ ማይክሮፕሮሰሰር፣ ሽቦ
ዘመን፦ 1982 እ.ኤ.አ. ገደማ
መገኛ፦ ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ፣ ጃፓን

ማሽኑን የሠራው በኮይቺ ኦሙራ የተመራ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ነው። አገልግሎቱ ባለ ሦስት አውታር ምስሎችን በስሌት መፍጠር ነበር። ሙሉ ሥርዓቱ 514 ማይክሮፕሮሰሰሮች ነበሩት፤ ግማሾቹ ሥራውን ይቆጣጠራሉ፣ ግማሾቹ ያሰላሉ።

የሚሠራበት ዘዴ ሬይ ትሬሲንግ ይባላል። ከተመልካቹ ዓይን ተነስቶ በእያንዳንዱ የምስል ነጥብ በኩል አንድ ጨረር ይከተላል፤ ጨረሩ ምን ላይ እንዳረፈ፣ ጥላውና ነጸብራቁም የት እንደሚወድቁ ያሰላል። የአንዱ ነጥብ ስሌት የሌላውን ስለማይጠብቅ፣ ሥራው ተከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ይከናወናል። በገበያ የሚገኙ ትናንሽ ፕሮሰሰሮች ተባብረው የትልቅ ኮምፒዩተር ጉልበት ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ከሊንክስ-1 ሥራ ጋር የተያያዘው ቶዮ ሊንክስ ስቱዲዮ፣ በ1983 በወጣው «ጎልጎ 13» የተሰኘ የአኒሜሽን ፊልም ውስጥ በኮምፒዩተር የተሠሩ የሄሊኮፕተር ትዕይንቶችን አዘጋጅቷል። የቀረው የፊልሙ ክፍል በአብዛኛው በእጅ የተሳለ ነው። በ1985 በጹኩባ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ በፉጂትሱ አዳራሽ የታየው የሰማይ አካላት ፊልምም በሊንክስ-1 ተሠርቷል።

ማሽኑ የጃፓን የኮምፒዩተር አኒሜሽን በጅማሬው ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ጋር የነበረውን ትስስር ያሳያል።